ያላመመኝ ቁስል

ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ወይም ስኳር ያለባቸው አባትና እናት ቤታችሁ ያሉ፣ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡልኝ። ረዘም ይላል። እኔ አምስት ወር የፈጀብኝን ነገር እናንተ በአንድ ማታ እንድታውቁት ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ ደግሞ 11 ዓመት። ኪኒኔን እውጣለሁ፣ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፣ ቀጠሮ ግን አንዳንዴ እዘላለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ነበር የማስበው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ በጠዋት ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። እኛ ቤት በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል። ሌሊት መረብ ጥለው ያደሩ አጥማጆች ሲመለሱ ቀድሞ የደረሰ ሰው ጥሩ ቀረሶ ያገኛል። ያደረግኩት ነጠላ ጫማ ነበር። ዓሣው የሚበለትበት ቦታ መሬቱ ቅርፊትና አጥንት ነው፤ ያዳልጣል። ሁለት ኪሎ ገዛሁ፣ ከሚያውቁኝ ልጆች ጋር ትንሽ አወራሁ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤት።

ያየችው ባለቤቴ ናት። "ኧረ ይሄ ደም ከየት ነው?" አለች። ከበሩ እስከ ወንበሬ ድረስ ሲሚንቶው ላይ የአንድ እግር ዳና አለ። መጀመሪያ የዓሣው ደም መስሎን ፌስታሉን አገላብጠን አየን። ፌስታሉ ደህና ነው። ከዚያ እግሬን አነሳሁ። አምባዛ በጎኑ ክንፍ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠንካራ እሾህ አለው፤ እሱ ጫማዬን በስቶ ውስጥ እግሬ ውስጥ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር ገብቶ ተሰብሯል። ሃያ ደቂቃ ያህል እየረገጥኩት ነው የመጣሁት። አላመመኝም። ምንም።

መደንገጥ የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ግን እፎይ አልኩ። "ካላመመ ቀላል ነው" አልኩና በወረንጦ ነቅዬ ጣልኩት።

ጎረቤታችን እትዬ የቡና ዱቄት ይዘው መጡ፣ የዘጌ ቡና። ቁስሉ ላይ ነስንሰን በጨርቅ አሰርነው። ደሙ ቆመ። ሁላችንም ቡናው ነው ያቆመው አልን። እውነቱ ግን ደሙ ራሱን ያቆም ነበር። የደም ሥር ሲቀደድ ሥሩ ራሱ ይጠብባል፤ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች ቀዳዳው ላይ ተጣብቀው ይደራረባሉ፤ ከዚያ ፋይብሪን የሚባል ክር መሰል ፕሮቲን ላያቸው ላይ እንደ መረብ ይዘረጋል። ቡናው የጨመረው ነገር ቢኖር ቆሻሻ ነው። እትዬን አልወቅስም፣ በፍቅር ነው ያመጡት፤ እኔም እናቴ ቡና ስትነሰንስልኝ ነው ያደግኩት። ግን እባካችሁ፣ ቁስል ላይ ቡና፣ ጥላሸት፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አታድርጉ። ሐኪም ጋ እስክትደርሱ ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከተከተባችሁ ከቆየም ሄዳችሁ ተከተቡ።

ሰውነት ሲወጋ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ፤ የኔ እግር የቱ ጋ እንደተሰናከለ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ኤሊ ሜችኒኮፍ የሚባል ሳይንቲስት ጣሊያን አገር፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ሜሲና ከተማ ሆኖ፣ ሰውነቷ እንደ ብርጭቆ የሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ወሰደና እሾህ ሰካባት። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሕዋሶች እሾሁን ከበውታል። ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሄዱለትና የሚውጡለት ሕዋሶች እንዳሉት ያሳየው ያ ሥራ ነው። በ1908 ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህን ታሪክ ለስንት ክፍል ተማሪ ነግሬያለሁ። የአምባዛ እሾህ እግሬ ውስጥ ሲገባም ያው ነገር ነው የሚጀምረው።

የተጎዱት ሕዋሶች ኬሚካል ይለቃሉ። እሱን ተከትለው በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸውም ይላላል። ደም በብዛት ስለሚመጣ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፤ ፈሳሽ ስለሚወጣ ያብጣል። ነርቩም ስለሚነካካ ያማል። መቅላት፣ መሞቅ፣ ማበጥ፣ ማመም። እነዚህን አራት ምልክቶች ሴልሰስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጽፏቸዋል፤ ዛሬም ሐኪም የሚፈልገው እነሱኑ ነው። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ከሥሩ ሾልከው ይወጣሉ። ባክቴሪያ ይውጣሉ፣ ይገድላሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ማክሮፋጆች ይደርሳሉ፣ ትልልቆቹ። የሞተውን ይጠርጋሉ፣ ጥገናው እንዲጀመርም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ቦታው ካልጸዳ ጥገናው አይጀመርም።

የኔ እግር ቀልቷል፣ ሞቋል፣ አብጧል። አራተኛው ግን የለም። የሰው ልጅ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው፤ ሲቀላ አይሄድም። ካላመመህ ትረግጠዋለህ። ስትረግጠው እየዳኑ ያሉትን ሕዋሶች ትጨፈልቃቸዋለህ። ገበያ ሄጃለሁ፣ ለቅሶ ደርሻለሁ፣ አንድ ቀን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ በእግሬ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ይህን ሁሉ ቁስል ይዤ። በስድስተኛው ቀን ፈሳሽ ሲያወጣ ሐኪም ሳላይ ከአንድ መድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዛሁ። አራት ቀን ወስጄ የተሻለው ሲመስለኝ ተውኩት። ይህንንም አታድርጉ።

በ12ኛው ቀን ልጄ ከሥራ ስትመጣ በር ላይ ቆመች። "አባዬ፣ ቤቱ ምን ይሸታል?" አለች። የሸተተው እኔ ነኝ።

በዚያው ምሽት ባጃጅ ጠርታ ወሰደችኝ። ስኳሬ ሲለካ 312። የሦስት ወር የሚሉት ምርመራ ደግሞ 10.4 በመቶ። ብዙ ሰው ይህን ምርመራ አይረዳውም፣ ስለዚህ ላስረዳ። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሄሞግሎቢን በሚባለው የሕዋሱ ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ስንት ከመቶው እንደተጣበቀ ሲቆጠር ያለፉት ሁለት ሦስት ወራት ስኳርህ እንዴት እንደነበረ ይታያል። ለብዙ ስኳር ሕመምተኛ የሚፈለገው 7 አካባቢ ነው። ለቀጠሮ ስትሄድ ሁለት ቀን ተጠንቅቀህ ብትበላ ይህን ምርመራ አያሳስተውም።

ቁስል የምታጥበው ሲስተር ወጣት ናት። ከመንካቷ በፊት እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር ያለች ቀጭን ናይለን አወጣች። "ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ሲነካዎ 'አዎ' ይበሉኝ" አለችኝ። ጨፈንኩ። ጠበቅኩ። ቆይቼ "ጀምሪ እንጂ" አልኳት። "ጨርሻለሁ" አለች። አሥር ቦታ ነክታኝ ነበር። ሁለቱን ብቻ ነው ያወቅኩት፣ እነሱም ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያሉት።

ዓይኔን ገልጬ ያንን ክር ሳየው የተሰማኝን ለመጻፍ ይከብደኛል። እግሬ ሳላውቀው ከእኔ ተለይቶ ነበር።

ስኳር ነርቭን የሚጎዳው ከረጅሙ ጀምሮ ነው። ረጅሙ ነርቭ እግር ጣት ላይ ነው የሚያበቃው። ስለዚህ መደንዘዙ ከጣት ይጀምርና ካልሲ እንደሚለበስ ወደ ላይ ይወጣል። ጉዳቱ ነርቩ ላይ ብቻ አያበቃም። የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳ ይወፍራል፤ ኦክስጅን ወደ ሕዋሱ ማለፍ ይቸግረዋል። ኒውትሮፊሎቹም ስኳር በበዛበት ደም ውስጥ ይደክማሉ፤ ወደ ቁስሉ የሚሄዱትም፣ ባክቴሪያ የሚውጡትም እየተጎተቱ ነው። ማለትም እሾሁ ሲገባ ደወሉ አልተደወለም፣ ተጠሪዎቹም ዘግይተው መጡ።

ሲስተር የሞተውን ሥጋ መቁረጥ ጀመረች። ጥቁርና ቢጫ ነው፣ ይላላጣል። ያለ ማደንዘዣ፤ አላስፈለገኝምና። የቆረጠችው የሞተውን ብቻ አልነበረም። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን የደደረ ቆዳም በስለት ላጠችው። "እሱ ምን አደረገ?" አልኳት። "ይሄ እኮ ነው የሚጫንብዎ" አለች። ቤት ስደርስ ነው በደንብ ያሰብኩበት። ሕዋስ ጫና ሲበዛበት ዝም ብሎ አይሞትም፤ መጀመሪያ ራሱን ይለውጣል። ቆዳ ሲፈተግ ሕዋሱ ይባዛና ይወፍራል፤ የገበሬ መዳፍ፣ የቀዛፊ እጅ እንደዚያ ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ልብ ከጫናው ብዛት ጡንቻው ይወፍራል። በጭስ ማድ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ እናቶች የሳንባቸው መተላለፊያ ሕዋስ ጭስ ወደሚችል ዓይነት ይቀየራል፤ ግን አክታ የማባረር ሥራውን ይተዋል። መጀመሪያ መከላከያ ነው፣ ሲቆይ ራሱ ችግር ይሆናል። የኔ እግር ላይ የደደረው ቆዳም ልክ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሥሩ ያለውን ለስላሳ ሥጋ እየጨፈለቀ ነበር። እኔ ደግሞ ጠንካራ እግር አለኝ እያልኩ እኮራበት ነበር።

ሩዶልፍ ፊርኾው የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1858 በሽታ ሁሉ በመጨረሻ የሕዋስ በሽታ ነው ብሎ ጻፈ። ሕዋስ ሲጎዳ መጀመሪያ ያብጣል፤ ጉልበት ሲያጣ ውሃና ጨው ማስወጣት ስለሚያቅተው ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ኦክስጅንና ምግብ ቢመለስለት ይድናል። ካለፈ ግን መመለስ የለም። የአንጎል ሕዋስ ደም ከተቋረጠበት በደቂቃዎች ነው የሚያልቀው፤ ቆዳና ጡንቻ በሰዓታት የሚቆጠር ይታገሣሉ። የሕዋስ አሟሟትም በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተቆርሶ፣ ፈንድቶ፣ የውስጡን በጎረቤት ላይ ደፍቶ መሞት ነው፤ ጎረቤቱም ይቆጣል፣ ያብጣል። ኔክሮሲስ ይባላል፤ እግሬ ላይ የሸተተው እሱ ነው። ሁለተኛው በሥርዓት የሚሆን ነው፤ ሕዋሱ ራሱ ሰውነቱን ሰብስቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ሌሎች እንዲውጡት ተዘጋጅቶ ይሄዳል። በፈረንጆቹ 1972 አፖፕቶሲስ የሚል ስም አወጡለት፤ ቃሉ በግሪክኛ የቅጠል መርገፍ ማለት ነው። ጣና ዳር ያሉት ዋርካዎች ሥር ስቀመጥ ይህ ስም ሁሌም ትዝ ይለኛል። ጤነኛ ሰው ውስጥ በየቀኑ ይረግፋል፤ ማንም አይሰማውም።

በራጅ ታየ፤ አጥንቱ አልተነካም። እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ ሕክምናው ተጀመረ። ትልቁ ሥራ የኔ ነበር።

ኢንሱሊን ተጀመረልኝ። ፈርቼ ነበር። ብዙ ሰው ኢንሱሊን የመጨረሻ ነው ይላል፤ እኔም ውስጥ ውስጡን እንደዚያ አስብ ነበር። ስህተት ነው። ስኳሩ ሲወርድ ነጭ ሕዋሶቼ ሥራቸውን መሥራት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መግሉ ቆመ።

ሁለተኛው አለመርገጥ ነው። ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነው፣ ከሁሉም የጠቀመኝም እሱ ነው። ክራንች ተሰጠኝ። "ለመጸዳጃ ብቻ" ብዬ ባዶ እግሬን አንድ ሦስት እርምጃ ስሄድ ሲስተር በማግስቱ ታውቅብኛለች፤ ፋሻው ላይ ደም ይኖራል። አሥራ አራት ሳምንት በክራንች ሄድኩ። የባቴ ጡንቻ ቀጠነ፣ ሱሪዬ ሰፋ። ልጄ ስታየው አለቀሰች። እኔ ግን አልፈራሁትም፤ ያ ሞት አይደለም፤ ሥራ ያጣ ሕዋስ ወጪውን ለመቀነስ ራሱን ያሳንሳል፤ ሥራ ሲያገኝ ይመለሳል። ተመልሷልም።

ሦስተኛው አሸጋጉ ነው። "ነፋስ ይምታው፣ ይድረቅ" የሚለውን ምክር ከስንት ሰው ሰማሁ መሰላችሁ። በፈረንጆቹ 1962 ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ ተሸፍኖ እርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለነፋስ ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት አዲስ ቆዳ እንደሚያለብስ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዲሱ የቆዳ ሕዋስ ከቁስሉ ዳር ተነስቶ እየዳኸ ነው ወደ መሃል የሚመጣው። እርጥብ ላይ ይንሸራተታል። የደረቀ ቅርፊት ካለ ግን በሥሩ ቆፍሮ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ሲስተር ኖርማል ሳላይን በሚባለው የጨው ውሃ ታጥበዋለች፣ እርጥብ ጎዝ ታደርጋለች፣ ላዩን ትሸፍናለች። አልኮልና አዮዲን በየቀኑ አፍስሽበት ብዬ ስለምናት "ባክቴሪያውንም ይገድላል፣ አዲሱን ሕዋስዎንም ይገድላል" አለችኝ።

አራተኛው ምግብ ነው። ሥጋ የሚገነባው ከፕሮቲን ነው። ዓቢይ ጾም ሲገባ ቁስሉ ገና ክፍት ነበር። እንቁላል ብላ ተባልኩ። ተጨነቅኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እግሬን አይተው "ልጄ፣ ለታመመ ሰው ጾሙ መድኃኒቱን በጊዜ መውሰድ ነው፣ ብላ" አሉኝ። በላሁ። እዚህ ላይ የሚቸገር ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው የጻፍኩት፤ ከሐኪማችሁም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ፣ ብቻችሁን አትወስኑ። ኢንሱሊን ወስዶ አለመብላት ራሱ አደጋ ነው።

ጥር መጀመሪያ ላይ ፋሻው ሲፈታ ቁስሉ ውስጥ ቀይ፣ እንደ ሮማን ፍሬ ጎርበጥበጥ ያለ ነገር አየሁ። "ባሰብኝ" ብዬ ደነገጥኩ። ሲስተር ፈገግ አለች። አዲስ ሥጋ ነው። ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሶች ኮላጅን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን እያፈሱ፣ አዳዲስ ቀጫጭን ደም ሥሮች እየበቀሉ ነው። ቀይ የሆነው በደም ሥሩ ብዛት ነው። በየሳምንቱ ሰኞ በማስመሪያ ትለካዋለች። ስንጀምር 3.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከዚያ 3። ከዚያ 2.2። አንድ ሳምንት ምንም አልቀነሰም፤ ያን ሳምንት ሰርግ ነበረብኝ፣ ቆሜያለሁ። ከዚያ 1.5። ዳሩ ላይ ስስ ሮዝ ጠርዝ ይታያል፤ በየሳምንቱ ወደ መሃል ይጠጋል። በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ተዘጋ።

ተዘጋ ማለት አለቀ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የተዘረጋው ኮላጅን ጊዜያዊ ነው፤ ሰውነት በጠንካራው እየተካው ከዓመት በላይ ይሠራል። እንደዚያም ሆኖ ጠባሳ የድሮውን ቆዳ ጥንካሬ አይደርስም፣ ቢበዛ 80 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ ያ ቦታ ሁሌም ደካማ ነው። ነርቬም አልተመለሰም።

አሁን የምኖረው እንዲህ ነው። ጫማ ከማድረጌ በፊት ገልብጬ አራግፈዋለሁ፣ እጄንም ውስጡ አስገብቼ እዳስሳለሁ። ባዶ እግሬን ቤት ውስጥም አልሄድም። ቤተ ክርስቲያን ጫማ ስለሚወለቅ ወፍራም ነጭ ካልሲ አለኝ፤ ስመለስ ነጭ ስለሆነ ደም ካለ ይታያል። እግሬን በሙቅ ውሃ አልዘፈዝፍም፤ ሙቀቱን እግሬ አያውቀውምና በክርኔ ነው የምለካው። የደደረ ቆዳ በምላጭ አልልጥም፣ ሲስተር ትላጥልኛለች። ዓሣ ልገዛ ስወርድ ሸራ ጫማ አደርጋለሁ።

ማታ ማታ ደግሞ እራት ሲያልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ ትንሿን መስታወት ከእግሬ ሥር ትይዝልኛለች፣ እኔ በስልኬ መብራት አያለሁ። በጣቶቼ መካከል፣ ተረከዜ ላይ፣ ጠባሳው ላይ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ትናንት ማታ ግራ ተረከዜ ላይ አንዲት ቀጭን ንቃቃት አገኘን፤ አልደማችም፣ አላመመችኝም። ቫዝሊን ቀብቼ በካልሲ ሸፈንኳት። ዛሬ ጠዋት ለሲስተር ላሳያት እየወጣሁ ነው።